ከጉልበት ቅየራ በኋላ ቁስሉ አልዘጋ ሲል፦ የትኛው ሕክምና ለየትኛው ቁስል?

የጉልበት መገጣጠሚያቸውን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር አስቀይረው ወደ አዳማ የሚመለሱ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፉት ቤታቸው ነው፤ ቁስሉ ላይ ችግር ቢፈጠርም ቀድሞ የሚያየው ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ሳይሆን ፋሻ የሚቀይረው የሰፈር ክሊኒክ ነርስ ወይም አጠገባቸው ያለው ልጃቸው ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነርሱ ነው። ቁስሉ በጊዜው ሳይዘጋ ሲቀር፣ ስፌቱ ሲከፈት፣ ቆዳው ሲጠቁር ወይም ውስጥ ያለው ብረት ሲታይ ሐኪሞች ከሚያቀርቧቸው አማራጮች የትኛው ለምን ዓይነት ቁስል እንደሚሆን፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚሻልና በምን እንደሚያንስ አስረዳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሹ ሕክምና ሁልጊዜ ከአደጋ የራቀው ሕክምና እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ታካሚው ዳግመኛ ቢላ እንዳይነካው በመስጋት ለሳምንታት በፋሻ ብቻ የሚያቆየው ክፍት ቁስል፣ በጊዜው ቢታይ በአንድ ቀዶ ሕክምና ሊድን ይችል የነበረውን ጉልበት ብረቱን እስከ ማስወጣት ሊያደርሰው ይችላል።

ጉልበት ላይ ቁስል የሚከብደው ለምንድን ነው?

የጉልበት ፊት በቆዳውና በአጥንቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ሥጋ የለውም። ጭን ላይ ቁስል ቢከፈት ከሥሩ ጡንቻ ይገኛል፤ ከጉልበት ሎሚ በታች ግን ከቆዳው ሥር የሚገኘው ጅማት ነው፣ ከጅማቱ ኋላ ደግሞ ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ አለ። ለቆዳው የሚደርሰው ደም በብዛት የሚመጣው ከውስጠኛው የጉልበት ጎን በመሆኑ፣ ጉልበቱ መሐል ለመሐል ተቀዶ ሲሰፋ የውጨኛው ጠርዝ የሚደርሰው ኦክስጅን ከውስጠኛው ያነሰ ነው። ቆዳ መጥቆር የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ቀደም ሲል ጉልበቱ ላይ ሌላ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የተቃጠለ ወይም ለባህል ሕክምና በጋለ ነገር የተተኮሰ ሰው ደም የሚያመላልሱት ሥሮቹ አስቀድመው ተቆራርጠዋልና ስጋቱ ይጨምራል። በአካባቢያችን ለቁርጥማት ዋግምት የተደረገላቸውና ጉልበታቸው የተተኮሰ አዛውንቶች ጥቂት አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለው ሰው ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ለሐኪሙ ማሳየት አለበት፤ ጠባሳው ትንሽ ቢሆንም ሐኪሙ ቆዳውን በየት በኩል እንደሚቀድ ሊወስን ይችላልና። ረጃጅም ጠባሳዎች ከአንድ በላይ ከሆኑ በአብዛኛው የሚመረጠው ወደ ውጨኛው ጎን የቀረበው ነው፤ ምክንያቱም ከውስጥ በኩል የሚመጣው ደም አብዛኛውን ቆዳ ሳይቋረጥ እንዲመግብ ስለሚያስችል ነው።

የቁስል ችግር በብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን መዘዙ ረጅም ነው። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት ከ17 ሺህ በላይ የተቀየሩ ጉልበቶችን ተመልክቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት በቁስል ችግር ምክንያት እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 59 ጉልበቶች ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህ ግን በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ውስጥ የዘለቀ ኢንፌክሽን የያዛቸው 6 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ቁስላቸው ያለ ችግር በዘጋው ዘንድ ይኸው ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ነበር። ሐኪሞች ለትንሽ እርጥበት ትልቅ ትኩረት የሚሰጡት ስለዚህ ነው።

ፋሻ መቀየር ወይስ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መመለስ?

የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው፤ የሚመዘነውም በቀን ነው። ቁስሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ቢያወጣ የሚጠበቅ ነው። ከ72 ሰዓት በኋላ የሚቀጥል እርጥበት ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ በዚህ ጊዜ የሚደረገው ጉልበቱን ማሳረፍና ልምምዱን መቀነስ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒቱን መጠን ሐኪሙ እንዲያየው ማድረግ፣ ቁስሉን በደረቅና በጸዳ ጎዝ ማሸግ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አልደርቅ ካለ የሚመከረው መጠበቅ ሳይሆን ቁስሉን በቀዶ ሕክምና ክፍል ከፍቶ ማጠብ፣ የሞተውን ማስወገድና መልሶ መስፋት ነው። ዓለም አቀፍ የአጥንት ሐኪሞች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተስማማበት መለኪያም ይኸው ነው።

እርጥበቱ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለውን በግምት መናገር ያስቸግራል። የተሻለው ዘዴ ፋሻው ላይ የወጣውን እርጥብ ክብ ዙሪያውን በእስክርቢቶ ማስመርና አጠገቡ ሰዓቱን መጻፍ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተሰመረው መስመር ማታ በብዙ ጣት ከታለፈ ወሬው ሳይሆን መስመሩ ይናገራል። በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ በተመሳሳይ ብርሃንና በተመሳሳይ ርቀት ከተነሳ፣ አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ከብዙ ገለጻ ይበልጥበታል።

እዚህ ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ያለ ምርመራ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ነው። ቁስሉ ሲረጥብ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ወይም ሲፕሮ ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ሆኗል። መድኃኒቱ የላይኛውን መቅላት ለጊዜው ያበርደዋል፤ ብረቱ ላይ የተጣበቀውን ተህዋስ ግን አይገድለውም። ይባስ ብሎ ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ካልቸር (ተህዋሱን በላብራቶሪ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ሲያደርግ ተህዋሱ ተደብቆ ውጤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው በግምት የሚደረግ ይሆናል። ታካሚው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካልያዘው በስተቀር ፈሳሹ ሳይቀዳ አንቲባዮቲክ ባይጀመር ይመረጣል። ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ቤቱ መቆየት የለበትም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ።

ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ማር ወይም ዳማከሴ ማድረግም፣ በክፍት ቁስል ጸበል መጠመቅም ለዚህ ጉልበት አይሆኑም። ስለ ሶደሬም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ፍል ውኃው ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወደድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋና ሐኪሙ ሳይፈቅድ የተቀየረ ጉልበት ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም። ጸበሉን የሚሻ ሰው ቁስሉ እስኪዘጋ በመጠጣትና ሌላውን አካል በመረጨት ሊወሰን ይችላል፤ ይህን ከካህናቱ ጋር ተነጋግሮ መስማማት አያስቸግርም።

የመምጠጫ መሣሪያው ቦታ

በተለምዶ ቫክ የሚባለው መሣሪያ ቁስሉ ላይ ስፖንጅ አድርጎ በፕላስቲክ በመሸፈን ፈሳሹን ያለማቋረጥ ይመጥጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ግፊት 125 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ከተራ ፋሻ የሚበልጠው እብጠትን በመቀነስ፣ ጠርዞቹን በማቀራረብና ቀይ ሥጋ በቶሎ እንዲያበቅል በማድረግ ነው፤ ፋሻውም በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ እንጂ በየዕለቱ አይቀየርም። ጥልቀት ለሌለው፣ ሥሩ ቀይ ለሆነና ጅማትም ብረትም ለማይታይበት ቁስል ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ብረቱ ወይም ጅማቱ በሚታይበት ቁስል ላይ ግን ቫክ መሸጋገሪያ ነው። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ቁስሉን ንጹሕ አድርጎ ለማቆየት ጥቂት ቀናት ይጠቅማል፤ ቀይ ሥጋው በብረቱ ላይ አድጎ ይዘጋዋል ብሎ ሳምንታት መጠበቅ ግን ውድ ጊዜ ማባከን ነው። ቤት ውስጥ የሚጠቀሙበት ሰዎች የመብራት መቋረጥንም ማሰብ አለባቸው፤ መሣሪያው ባትሪ ከሌለውና መምጠጡ ለሰዓታት ከቆመ፣ የታሸገው ስፖንጅ ራሱ የተህዋስ መራቢያ ስለሚሆን ተነሥቶ ቁስሉ በጎዝ መሸፈን ይኖርበታል።

ቆዳ መለጠፍና ሥጋ ማዞር

ታካሚዎችን የሚያደናግረው ዋናው ልዩነት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። ቆዳ መለጠፍ ማለት ከጭን ላይ በጣም ስስ የሆነ የቆዳ ሽፋን ልጦ ቁስሉ ላይ ማልበስ ነው። የተላጠው ቆዳ የራሱ ደም ሥር የለውም፤ የሚኖረው ከተለጠፈበት ቦታ ደም ስቦ ነው። ስለዚህ የሚይዘው ቀይ፣ ንጹሕና ደም ያለው ሥጋ ላይ ብቻ ነው። በብረት ወይም በተራቆተ ጅማት ላይ ቆዳ መለጠፍ ችግኝን ድንጋይ ላይ እንደ መትከል ነው። ሥራው አጭር ነው፣ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፣ የአዛውንትን ልብና ሳንባ ብዙ አያስቸግርም፤ እነዚህ ትልልቅ ጥቅሞች ናቸው። ጉድለቱ የሚገኘው ሽፋን ስስ መሆኑ ነው፤ ለስግደትም ሆነ ለሶላት የሚንበረከክ ሰው ቆዳው ደጋግሞ ሊላጥበት ይችላል፤ ወደፊት ጉልበቱ እንደገና መከፈት ቢኖርበትም በዚያ ቆዳ በኩል መግባት ያስቸግራል።

ሐኪሞች ፍላፕ የሚሉት ሌላው መንገድ ቆዳን ወይም ጡንቻን ደም ከሚያመጣለት ሥር ሳይለዩ ማንሣትና ወደ ቁስሉ ማዞር ነው። ይህ ሥጋ የራሱን ደም ይዞ ስለሚመጣ ብረት ላይም፣ ጅማት ላይም፣ ባዶ ክፍተት ውስጥም ይኖራል። ደም ባለበት ደግሞ አንቲባዮቲኩም የሰውነት መከላከያም ይደርሳል። ስለዚህ ብረት ወይም ጅማት የታየበት ቁስል ካለ ጥያቄው ቆዳ ይለጠፍ ወይስ ሥጋ ይዙር የሚል አይሆንም፤ ሥጋ መዞሩ አይቀርምና ጥያቄው ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

ከየት ይምጣ?

በአብዛኛው የሚመረጠው የባት ጡንቻ የውስጠኛው ጎን ነው። ባት ከኋላ ሲታይ ሁለት ጎን ያለው ሲሆን የውስጠኛው ከውጨኛው ይረዝማል፣ ይወፍራልም፤ ከጉልበት ኋላ ከሚወርደው ትልቅ የደም ቧንቧ የሚነሣ አንድ የታወቀ ሥር ሙሉ በሙሉ ይመግበዋል። ሐኪሙ ጡንቻውን ከታች ከጅማቱ ላይ ያላቅቀዋል፣ ላይኛው ሥሩን ሳይነካ በቆዳው ሥር ወደ ፊት አዙሮ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ክፍት ቦታ ይሞላበታል፣ በላዩም ከጭን የተላጠ ቆዳ ያለብሰዋል። የጉልበት ቁስል በብዛት የሚከፈተው ከሎሚው በታች ስለሆነ ይህ ጡንቻ ለቦታው የተስማማ ነው። አጉሊ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ የደም ሥር መቁረጥና መቀጠል የለበትም፣ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። የጉልበት ሎሚው ጅማት የተጎዳ እንደሆነም ከጡንቻው ጋር የሚነሣው ጠንካራ ሽፋን ለጥገናው ይረዳል።

በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ፣ ባቴን ቆርጠው ከወሰዱት በምን እራመዳለሁ?» መልሱ፦ «እማማ፣ የሚወስዱት የባትዎን አንድ ጎን ነው፤ ሌላው ጎንና ከሥሩ ያለው ሰፊ ጡንቻ ቦታቸው ላይ ይቆያሉ፤ እግርዎን ከመሬት የሚያነሡበት ኃይል በእነርሱ ይሠራል» የሚል ነው። በጣት ጫፍ መቆምና ዳገት መውጣት ላይ መጠነኛ ድካም ሊኖር ይችላል፤ በተራ መንገድ ለሚራመድ አዛውንት ግን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ባቱ መሳሳቱና ጉልበቱ ፊት ላይ ጉብ ያለ ሥጋ መታየቱ አይቀርም፤ ጉብታው በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል።

የባቱ የውጨኛው ጎን ለውጨኛው የጉልበት ክፍል ቁስል ይሆናል፤ ነገር ግን አጭር ነው፣ ወደ ፊት ሲዞርም የእግርን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሣው ነርቭ በሚያልፍበት ቦታ ስለሚያልፍ ነርቩ ቢጎዳ የእግሩ ጫፍ ሊንጠለጠል ይችላል። ሐኪሙ ይህን ከመረጠ ስለ ነርቩ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለቱም የባት ጡንቻዎች የማይደርሱበት ቦታ ከሎሚው በላይ ያለው ነው። እዚያ ቁስል ሲከፈት ከጭን የሚመጣ ሥጋ ይፈለጋል፤ ወይ የጭኑ የፊት ጡንቻ ክፍል፣ ወይም በአንዲት ቀጭን የደም ሥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚዞር ቆዳ። በትንንሽ የደም ሥሮች ላይ የሚዞረው የቆዳ ፍላፕ ጡንቻን ሳይነካ የሚሠራ፣ መልኩም ከጉልበቱ ቆዳ ጋር የሚቀራረብና ለመንበርከክ የተሻለ ነው። ሆኖም ሥሩ ቀጭን ስለሆነ ስኳር ላለበት፣ ሲጋራ ለሚያጨስ ወይም የእግሩ ቧንቧ ለጠበበ ሰው ጫፉ ሊሞት ይችላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መልኩ ባያምርም የባት ጡንቻው ይታመናል። ኢንፌክሽን የነበረበትና ጉድጓድ ያለው ቁስልም ከቆዳ ይልቅ ጡንቻ ይሻለዋል፤ ጡንቻ ክፍተቱን ይሞላልና።

የመጨረሻው አማራጭ ከሩቅ ሥጋን ከነደም ሥሩ ቆርጦ አምጥቶ በአጉሊ መሣሪያ ሥር ከጉልበቱ የደም ሥር ጋር መቀጠል ነው። ሥጋው ከጀርባ ወይም ከሌላው ጭን ይመጣል። ቁስሉ እጅግ ሰፊ ሲሆን፣ የባቱ ጡንቻ ቀደም ብሎ ጥቅም ላይ ውሎ ወይም በአደጋ ተጎድቶ ሲገኝ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከመቶው ከዘጠና በላይ ይሳካል፤ ካልተሳካ ግን ሥጋው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሥራው ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊትም ቀንም በየሰዓቱ የሚመለከተው ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ደም ሥሩ ቢዘጋ በዚያው ሌሊት መክፈት የሚችል ቡድን ዝግጁ መሆን አለበት። የባት ጡንቻ የሚበቃውን ቁስል ዘመናዊ ስለሆነ ብቻ በዚህ መንገድ ማሠራት አይመከርም።

ብረቱ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

የሚዞረው ሥጋ የሚሸፍነው ከላይ ነው፤ ውስጡ ተመርዞ ከሆነ ሸፍኖ መተው መግሉን መቆለፍ ነው። ስለዚህ ከሽፋኑ በፊት ወይም ከእርሱ ጋር የሚወሰን ሌላ ውሳኔ አለ። ኢንፌክሽኑ ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ከሆነው፣ ብረቱ ካልተነቃነቀና ተህዋሱ በታወቀ መድኃኒት የሚሞት ከሆነ፣ ጉልበቱን ከፍቶ በብዛት ማጠብ፣ በብረቶቹ መካከል ያለውን ፕላስቲክ በአዲስ መቀየርና ብረቱን ማቆየት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ተህዋሱ በብረቱ ላይ አንቲባዮቲክ የማያልፈው ቀጭን ሽፋን ስለሚሠራ ብረቱን ማውጣት ይመረጣል፤ በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ ይቀመጣል፣ ለስድስት ሳምንት ያህል መድኃኒት ይሰጣል፣ ከወራት በኋላ ኢንፌክሽኑ መጥፋቱ ሲታይ አዲስ መገጣጠሚያ ይገባል።

የመጀመሪያው መንገድ በአንድ ቀዶ ሕክምና ሊያልቅ ስለሚችል ሁሉም ይመርጠዋል። ነገር ግን በዘገየ ኢንፌክሽን ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ስለማይሳካ ታካሚው ሁለቱንም መንገድ አንዱን ከሌላው አስከትሎ ያልፋል። ሐኪሙ ብረቱ ይውጣ ሲል ተስፋ ቆርጦ እንዳይመስላቸው ቤተሰቦችን እለምናለሁ።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር የሚቀሩት ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ማድረቅ (አጥንቶቹ ተጋጥመው ዳግም እንዳይታጠፍ ማድረግ) እና ከጉልበት በላይ መቁረጥ ናቸው። የደረቀ ጉልበት ያለ ሕመም ያስቆማል፣ ያስኬዳልም፤ ነገር ግን ባጃጅ ውስጥ መግባት፣ በተራ መጸዳጃ ቤት መቀመጥ፣ በርጩማ ላይ ቡና ማፍላት እጅግ ይከብዳል። ቢሆንም በራሱ እግር የሚቆም አዛውንት ከጉልበቱ በላይ ከተቆረጠው ይልቅ በብዙ መልኩ የተሻለ ይኖራል፤ ከጉልበት በላይ በተቆረጠ እግር በሰው ሠራሽ መራመድ ብዙ ጉልበት ስለሚጨርስ በርካታ አረጋውያን ከዊልቸር አይነሡም። መቁረጥ የሚመረጠው ሕይወትን ለማትረፍ ወይም ደም ወደ እግሩ መድረስ ሲያቅተው ነው።

የትኛውም አማራጭ የሚፈልገው ዝግጅት

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ (HbA1c የሚባለው ምርመራ) ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ የትኛውም ሽፋን አደጋ ላይ ነው፤ አስቸኳይ ኢንፌክሽን ካልሆነ በስተቀር ከቀዶ ሕክምናው በፊት መስተካከል አለበት። ሲጋራ የቆዳን ጥቃቅን ቧንቧዎች ያጠብባል፤ ሺሻም ከሲጋራ አይሻልም።

ምግብን በተመለከተ በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ከ3.5 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ቁስል መዝጋቱ ይዘገያል። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የሚታከሙ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ። በእስልምናም በኦርቶዶክስም ለታመመ ሰው መላ አለ፤ የንስሐ አባትን ወይም ኢማሙን ማማከር ተገቢ ነው። ጾሙን የማይተው ሰው ቢያንስ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በሚበላበት ሰዓት ደጋግሞ ይብላ፣ ዓሣ የሚፈቅድ ካለም ያክልበት፤ እንጀራን በቃሪያ ብቻ እየበሉ ቁስል ይዘጋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሥጋ ከዞረ በኋላ ያለው ልምምድ ቤተሰብ የሚያጣድፈው ነገር ነው። የተለጠፈው ቆዳ እስኪይዝ ድረስ፣ ቢያንስ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ በድጋፍ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላም መታጠፍ የሚጀመረው ሐኪሙ በሚወስነው ቀንና መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የቁስል ችግር ያላጋጠመው ጉልበት በማግሥቱ ታጥፏልና የእኔም ይታጠፍ ማለት አይገባም። በእነዚያ ቀናት መሥራት የሚቻለው ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና የጭንን ጡንቻ ሳያጥፉ ማጥበቅ ነው። የዞረው ሥጋ ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ነጭ ከተለወጠ፣ ወይም ሲነካ ከቀዘቀዘ ሰዓት ሳይቆጠር ለሐኪሙ ይነገር።

ከአዳማ ወዴት?

ማጠብና መልሶ መስፋት፣ ቆዳ መለጠፍም የአጥንት ወይም የጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ባለበት ሊሠራ ስለሚችል መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ሥጋ ማዞር የሚያስፈልገው ቁስል የፕላስቲክና መልሶ ጥገና ቀዶ ሐኪምና የአጥንት ሐኪም አብረው የሚያዩት ጉዳይ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12፣ አለርትና ጥቁር አንበሳ በዚህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የሚታወቁ ናቸው። ጉልበቱን የቀየረው ሐኪም የሚገኝ ከሆነ ከሁሉ በፊት እርሱ ይነገረው፤ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው እርሱ ነውና። ሪፈር ሲጻፍም ወረቀቱ ላይ «የቁስል ችግር» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር፣ ብረት ወይም ጅማት መታየቱና ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ያለፉት ቀናት እንዲጻፉ መጠየቅ ወረፋውን ሊያሳጥር ይችላል። የጤና መድን ያላቸው ሰዎች የሪፈሩን ሰንሰለት ካልጠበቁ ክፍያው ሊወድቅባቸው ስለሚችል ከመንገዳቸው በፊት ይህን ያጣሩ።

መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በሚኒባስ ጠባብ ወንበር ጉልበትን አጥፎ መቀመጥ ለተከፈተ ቁስል ጥሩ አይደለም፤ የኋላ ወንበር ላይ እግርን ዘርግቶ፣ ከተረከዙ ሥር ትራስ አድርጎ መሄድ ይሻላል። የሚያዘው ሰነድም ብዙ ነው፦ የቀዶ ሕክምናው ማጠቃለያ፣ ራጁ፣ እስካሁን የተወሰዱት መድኃኒቶች ስምና ቀን፣ በየቀኑ የተነሡት የቁስሉ ፎቶዎች። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ ከብረቱ ሳጥን ላይ ተነሥቶ ካርድ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ወረቀት ነው። የአምራቹ ስም፣ መጠኑና ቁጥሩ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ መቀየር ሲኖርበት ሐኪሙ ከዚያው ብረት ጋር የሚገጥመውን የሚያዝዘው በእርሱ ነው። ውጭ አገር የታከመ ሰው ይህ ወረቀት በእጁ ከሌለ ወደ ታከመበት ሆስፒታል በኢሜይል ጽፎ ቅጂውን ያስልክ፤ መልሱ እስኪመጣ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ቁስሉ መርጠብ በጀመረበት ቀን ቢጠየቅ ጥሩ ነው።